«መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው» ከተባለ እርሳስ በትንሹም ለምን ይፈራል?

ወንድማችን የጠየቅከው ባጭሩ ይሄ ነው። ያረጁ የመኪና ባትሪዎች ተፈትተው እርሳሳቸው በሚቀልጥበት ቦታ ትሠራለህ። አለቃህ «መርዝን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው፤ ትንሽ አይጎዳም፤ ማስክ አድርጉ፣ ወተት ጠጡ» ይላል። አንተ ደግሞ እርሳስ በትንሹም ይጎዳል የሚል አንብበሃል። ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ናት፤ ማንን ልመን ነው ጥያቄህ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ለዓመታት የሠራሁት የሠራተኞች ደም ውስጥ ያለ እንደ እርሳስ ያለ ብረት በሚለካበት ላቦራቶሪ ነው። አንተን የመሰሉ ሰዎች ናሙና በእጄ ስላለፈ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አለቃህ ያለውን ከሜዳ አላመጣውም። ፓራሴልሰስ የተባለ ሐኪም በ16ኛው መቶ ዘመን የተናገረው ነው፤ ቶክሲኮሎጂ (የመርዝ ሳይንስ) ሲማሩም መጀመሪያ የሚሰሙት እሱን ነው። እውነትም ነው። ፓራሲታሞልን እንይ። ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ ሲወስድ፣ ከመድኃኒቱ የሚፈጠረውን ጎጂ ቅንጣት ጉበት ግሉታታዮን በሚባል መከላከያ እያሰረ ያስወግደዋል። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ መከላከያው ያልቃል፣ ያው ቅንጣት ዞሮ የጉበትን ሴሎች ይገድላል። ክኒኑም ሰውዬውም ያው ናቸው፤ የተለወጠው መጠኑ ነው።

እዚህ ድረስ አለቃህ ልክ ነው። ችግሩ «ትንሽ አይጎዳም» ሲል ነው። ያ የሚሠራው ጉዳት የማይታይበት ወሰን ላለው ነገር ነው። ለእርሳስ እንዲህ ያለ ወሰን እስካሁን አልተገኘም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ሰውነታችን እርሳስን ለምንም አይፈልገውም። የሚገባውም በካልሲየም ስም ነው። ካልሲየም የሚያልፍበትን በር ያልፋል፣ ካልሲየም የሚሠራበት ነርቭ ላይ ገብቶ ይረብሻል፣ ካልሲየም የሚቀመጥበት አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። በልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ገና ሲጀመር የሚገባው ጥቂት እርሳስ፣ በኋላ ከሚጨመረው ተመሳሳይ መጠን ይልቅ የአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤትን የበለጠ ዝቅ እንደሚያደርግ ታይቷል። ስለዚህ ያነበብከውና የፓራሴልሰስ አባባል አይጣሉም። መጠን አሁንም ወሳኝ ነው። አለቃህ «ትንሽ» የሚለው ግን ለእርሳስ ትንሽ አይደለም።

ደግሞ መጠን ማለት ዛሬ የገባው ብቻ አይደለም። ደም ውስጥ ያለ እርሳስ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ አጥንት ውስጥ የገባው ግን አሥርት ዓመታት ይቆያል። በየቀኑ ትንሽ የሚገባበት ሰው ቀስ በቀስ ያጠራቅማል። ለዚህ ነው ሥራ ትቶ የወጣ ሰው ደሙ ላይ ቁጥሩ ሳይወርድ ብዙ የሚቆየው፤ አጥንቱ መልሶ ወደ ደሙ ይለቃል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ አጥንት ለፅንሱ ብሎ ካልሲየም ሲለቅ እርሳሱም አብሮ ይወጣል። የእንግዴ ልጅ አያግደውም፤ ወደ ፅንሱ ያልፋል። እናት ደህና ናት ማለት ፅንሱ ደህና ነው ማለት አይደለም። በሌላ መርዝም ታይቷል፤ በጃፓን ሚናማታ፣ የሜርኩሪ መመረዝ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ በታወቀበት ቦታ፣ ሜቲል ሜርኩሪ በሚባል የሜርኩሪ ዓይነት የከፋ ጉዳት ደርሶባቸው የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። የአንዳንዶቹ እናቶች ግን እምብዛም ምልክት አልታየባቸውም።

አሁን ወደ ማስኩ። አንድ ነገር የሚያደርሰው ጉዳት በገባበት በር ይለያያል። ፈሳሽ ሜርኩሪ ቢዋጥ አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል፤ ተንኖ ሲተነፈስ ግን 80 በመቶ ገደማው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። እርሳስ ደግሞ በሁለቱም በር ይገባል። የምታቀልጡበት ጭስ በሳንባ ይገባል፤ ተራ የጨርቅ ማስክ አይመልሰውም። ለብረት ጭስ የተሠራ ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ማስክ ያስፈልጋል። ጢም ካለህ ደግሞ ግጥም አይልም፣ አትሸወድ።

እኔን ከጭሱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እጅ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሠራተኛ ጣት ጫፍ በጠብታ የወሰድነው ደም ላይ የሚያስደነግጥ ቁጥር ወጣ። ሰውዬው ምንም ሕመም የለውም። ከክንዱ የደም ሥር ስንደግመው ግማሹን እንኳን አልሞላም። ቀሪው የት ሄደ? ቆዳው ላይ ነበር። «እጄን ታጥቤ ነው እኮ የመጣሁት» አለን፤ በውሃ ብቻ ነበር የታጠበው። ጥፍሩ ሥር ግራጫ ዱቄት በግልጽ ይታያል። በዚያ ጣት ነው ሲጋራ የሚያጨሰው፣ አፉን የሚጠርገው፣ ቤት ገብቶ ልጁን የሚያቅፈው። ልጅ ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ የበለጠ ወደ ደሙ ያስገባል።

ስለዚህ አንተ ላይ የሚወድቀው ሥራ ይሄ ነው። የሥራ ልብስህና ጫማህ እዚያው ይቅሩ፤ ከቻልክ ሰውነትህንም እዚያው ታጠብ። እጅህን በሳሙና፣ ጥፍርህን በብሩሽ፤ ከመብላትና ከማጨስ በፊት፣ ሁልጊዜ። ልብሱን ቤት ወስደህ ባለቤትህ እንድታራግፈው ወይም እንድታጥበው አታድርግ፤ ይሄን አስምርበት። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፣ በአየር ግፊትም አቧራውን አታቡኑ፤ በውሃ እያራሳችሁ ጥረጉ። ጭሱን ከምድጃው አፍ ላይ መሳብ ግን የአለቃህ ግዴታ ነው። እሱን በማስክ ሲተካ ዝም አትበሉ።

አለቃችሁ «ከሕጉ በታች ነን» ካላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ለማን እንደወጣ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ፣ ሠራተኛ ከእርሳስ ሥራ እንዲነሳ የሚያስገድደው በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 50 ወይም 60 ማይክሮግራም ሲደርስ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት 5 ማይክሮግራም ሲሞላ ምንጩ ይፈለግ፣ እርምጃም ይወሰድ ይላል። ሕጋዊ የሆነ ቁጥር ሁሉ ለፅንስ ያሰበ አይደለም።

ወተቱን በተመለከተ፣ ብዙ ቦታ ሲባል ሰምቻለሁ። ወተት እርሳስን አጥቦ አያወጣም። ካልሲየምና ብረት (አይረን) የጎደለው ሰው እርሳስ ይበልጥ ስለሚመጠጥበት ደህና መመገብ ይጠቅማል፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ አትጣልበት። ኢንተርኔት ላይ «መርዝ ያጥባል» እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና ጠብታ ደግሞ ጭራሽ አትንካው፤ አንዳንዱ ራሱ እርሳስ ተገኝቶበታል። እርሳስን አስሮ የሚያወጣ እውነተኛ መድኃኒት አለ፣ ግን ሐኪም ለከፍተኛ መጠን የሚያዝዘው ነው። መድኃኒቱን እየወሰዱ እዚያው ጭስ ውስጥ መቆም ደግሞ ከንቱ ነው።

አንተም ባለቤትህም ሳትዘገዩ ተመርመሩ። ደሙ ከክንድ የደም ሥር ይወሰድ፤ ከጣት ከተወሰደና ከፍ ካለ በደም ሥር ይደገም። የእሷን ውጤት እርግዝናዋን ለሚከታተለው ሐኪም አሳዩት፤ አንተ ምን እንደምትሠራም ንገሩት፣ ካልተነገረው ላይጠይቅ ይችላል። አንተ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ድገም፤ የለወጥከው ነገር መሥራት አለመሥራቱ ያኔ ይታያል። ውጤቱን እዚህ ስትጽፍልን መለኪያውንም አብረህ ጻፍ። አንዳንድ ላቦራቶሪ በማይክሮሞል በሊትር ነው የሚሰጠው፤ 1 ማይክሮሞል በሊትር ማለት ወደ 20.7 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው። «2 ብቻ ነው» ብሎ ተደስቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ማይክሮሞል ነበር።