ስለ ወጣት ሯጭ የወገብ ሕመም፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ እህታችን፣ የ17 ዓመቱ ሯጭ ወንድምዎ ቁልቁለት ሲሮጥ ቀኝ ወገቡን ከያዘው ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ በኤክስሬይ ምንም እንዳልታየ፣ ጎረቤት ደግሞ «ብርድ መትቶት ነው» እንደሚል ገልጸው፣ ይተኛ ወይስ ይታሽ ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ለዓመታት ሮጬ አሁን ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። የኅዳር ውርጭ ሳያሟሙቅ ለሚሮጥ ሰው እንደማይመች አውቃለሁ፤ ሦስት ሳምንት የቆየን ሕመም በብርድ ማሳበብ ግን ምርመራውን ያዘገያል።

በመጀመሪያ የሚያመውን ቦታ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ሕመሙ የጡንቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከአከርካሪው ጎን ያለውን ሥጋ በመዳፉ ይዳብሳል እንጂ አንድ ነጥብ ለይቶ አይጠቁምም፤ ሲያጎነብስ ወይም ሲዞር ይብስበታል፣ ጋደም ሲል ይቀልለዋል። ወደ ባቱና ወደ እግሩ ጣቶች የሚወርድ፣ ሲያስነጥስ የሚወጋ፣ የሚያደነዝዝም ከሆነ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ በሚገኙ ስፖርተኞች ላይ ተደጋጋሚ ጫና የታችኛውን አከርካሪ አጥንት፣ በተለይም 5ኛውን የወገብ አጥንት፣ ከኋላ በኩል ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስንጥቁም መጀመሪያ ላይ በኤክስሬይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ወገቡን ወደ ኋላ ሲለጥጥ ጎልቶ የሚያመው ከሆነ ሩጫውን ያቁምና ኤምአርአይ ያስፈልገው እንደሆነ የአጥንት ሐኪም ይወስን። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢም መታሰብ አለበት። ሽንት እምቢ ካለው ወይም በመቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ።

እኔ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት በሮጥኩ ማግስት ካልሲዬን ማጥለቅ አቅቶኝ ነበር። በኃይል ታሸሁ፣ አሥር ቀን ተኛሁ፣ ሕመሙ እንደተወኝ ወዲያው ወደ ልምምድ ተመለስኩ፤ በወሩ እንደገና ያዘኝ። በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መስታወት ፊት በግራ እግሬ ብቻ ስታቆመኝ የቀኝ ዳሌዬ ወደ ታች ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። የመቀመጫዬ ጡንቻ ስለደከመ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የእርሱን ሸክም ወገቤ ይሸከም ነበር።

ሐኪሙ ጡንቻ ነው ካለ አይተኛ፤ ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ ሜዳ ላይ ይራመድ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ለ15 ደቂቃ ያህል ወገቡን በሙቅ ውሃ በተነከረ ፎጣ ያሙቅ። ለስላሳ መታሸት ሊያቀልለት ይችላል፤ ወገቡን ማስረገጥን ግን ፈጽሞ አይፍቀዱ። አይቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ከታዘዘለት ምግብ በልቶ ይውሰድ፤ ከረጅም ሩጫ በፊት ግን አይዋጥ፣ ላብ ውሃውን ባሟጠጠው ሰው ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላልና።

ሕመሙ ጋብ ሲል በእጁና በጉልበቱ ተንበርክኮ የቀኝ እጁንና የግራ እግሩን አንድ ላይ ዘርግቶ ለ10 ሰከንድ ይያዝ፤ ከዚያም ያቀያይር። በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን አጥፎ መቀመጫውን ያንሳ። ይህን ሕመሙ ሲጠፋ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አከርካሪውን ደግፎ የሚይዘው ጥልቅ ጡንቻ ሕመሙ ስለተወ ብቻ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም።

ሩጫውን ሲጀምር በለስላሳ ሜዳ፣ እየተራመደ እየሮጠ ይሁን፤ ቀጥሎ ዳገት ይምጣ። ቁልቁለቱን ግን በአንድ እግሩ ሲቆም ዳሌው የማይወርድ፣ ሲዘልም ወገቡን የማያመው እስኪሆን ድረስ ያቆየው።