ቀዳዳውን ከማጥበብህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። የዲጂታል ካሜራህን ክዳን በስተህ፣ በሌንስ ፋንታ የመርፌ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ለጥፈህ ስታነሳ ፎቶው ደብዛዛና ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት ሆነብኝ፣ ቀዳዳውን ላጥብበው ወይ ብለሃል። ይህን ነገር ቆየት ብዬበታለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ለማጥበብ አትቸኩል፤ መጀመሪያ ለካው። ቀዳዳው ሲሰፋ ምስሉ ይደበዝዛል። ከልክ በላይ ሲጠብ ደግሞ ብርሃኑ ሲያልፍ ይበተንና እንደገና ይደበዝዛል። ልኩን የሚወስነው ከቀዳዳው እስከ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ገጽ) ያለው ርቀት ነው። ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ ርቀቱ 45 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ 0.3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃዋል። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ከሆነና ርቀቱ 20 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ 0.2 ይሻላል።

እንዴት ይለካል? ስካነር ካገኘህ ቆርቆሮውን በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ) ስካን አድርገው። 0.3 ሚሊሜትር ማለት እዚያ ላይ 28 ፒክስል ያህል ነው። ጠርዙንም በደንብ እየው። በዓይን ክብ የሚመስል ቀዳዳ ስክሪን ላይ ሲጎላ ጥርስ አውጥቶ ታገኘዋለህ።

የምግብ መጠቅለያ ፎይል ቶሎ ይቀደዳል፤ እኔ የለስላሳ ጣሳ እመርጣለሁ። መርፌውን አታሳልፈው። ጫን ብለህ እብጠት ብቻ አውጣ፣ ገልብጠህ እብጠቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ከዚያ ድገመው። ጫፉ ብቅ ሲል በቃ። ወደ ሴንሰሩ የሚዞረውን ገጽ ጥቁር ማርከር ቀባው፣ አለዚያ ብርሃን ያንጸባርቅብሃል።

ነጠብጣቡ የቀዳዳው ጥፋት አይደለም። ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው፣ ድሮም ነበረ። 0.3 ቀዳዳ በ45 ሚሊሜትር ኤፍ 150 ማለት ነው (ርቀቱ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል)፤ በዚህ ጥበት የአቧራው ጥላ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በአየር መንፊያ አጽዳው። በአፍህ እፍ እንዳትል፣ ምራቅ ይረጫል! ክዳኑን በድሪል ከበሳህ ደግሞ ብናኙ ካሜራው ውስጥ እንዳይገባ አጥበህ በደንብ አድርቀህ ግጠመው።

ካሜራው አላነሳም ካለህ ሜኑ ውስጥ ገብተህ «ያለ ሌንስ ማንሳት» የሚፈቅደውን ምርጫ ፈልግና ክፈተው። ማኑዋል (ሁሉን ራስህ የምታስተካክልበት) ላይ አድርገው። በጠራራ ፀሐይ በአይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ ከ1 ሰከንድ ጀምር፤ ጥላ ውስጥ ብዙ ይጨምራል። ትራይፖድና የ2 ሰከንድ ታይመር የግድ ነው። ስክሪኑ ከጨለመብህ ፍሬሙን እስክታስተካክል አይኤስኦውን ሰቅለህ እይ፣ ከዚያ መልሰው።

ሁሉን አስተካክለህም የሌንስ ጥራት አትጠብቅ። ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም እኩል ለስለስ ያለ ይሆናል። እኔ ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላውን ልዩነት) ብቻ ከፍ አደርጋለሁ። ሻርፕ ማድረግ (ጠርዞቹን ማጉላት) ኖይዙን፣ ማለትም ፎቶው ላይ ያለውን ሽፍታ ነው የሚያወጣው። ይልቅ ጎላ ያለ ቅርጽ፣ ጠቆር ያለ ጥላ፣ የሚፈስ ውሃ ፈልግ።

ስካን ስታደርግ ከ0.5 በላይ ከሆነብህ አሮጌውን ለማዳን አትልፋ፣ አዲስ ቆርቆሮ ቁረጥ። ልኩንና የካሜራህን ዓይነት ጻፍልንና እናያለን።