ለጥብቅና ቢሮ ሪሴፕሽን ስትቀጥር

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ፣ ብቸና ላይ አዲስ የጥብቅና ቢሮ ከፍተህ ሪሴፕሽን ልትቀጥር ነው፣ ዲግሪ ያላት ትሻላለች ወይስ ልምድ ያላት ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ማርቆስ ነው የምሠራው፣ ባየሁት መጠን እንደኔ እንደኔ ከሁለቱም በፊት አፏን የምትሰበስብ ሰው ነው የምትፈልገው።

አዲስ አበባ ቢሆን ሪሴፕሽኗ ደንበኛህን መንገድ ላይ ዳግመኛ ላታገኘው ትችላለች፣ እኛ ጋ ግን ሁሉም ዘመድ ነው። አንዲት ሴትዮ ጠዋት ስለ ፍቺ ልታማክርህ ከገባች ወሬው ማታ ባሏ ጆሮ ሊደርስ ይችላል፣ መንገዱም የሪሴፕሽኗ አክስት ቤት ቡና ነው በቃ። የደንበኛ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ ደግሞ ያንተ የጠበቃው ነው፣ እሷ ናት ያወራችው ብለህ አታመልጥም።

ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ሚስጥር ትጠብቂያለሽ ወይ ብለህ አትድከም፣ አልጠብቅም የሚል ማን አለ። ይልቅ የበፊት ሥራዋን አንሳባት፣ አለቃሽ እንዴት ያለ ሰው ነበር፣ እነማን ይመጡ ነበር፣ በምን ይጨቃጨቁ ነበር እያልክ እንደ ወሬ ጎትታት። ስም እየጠራች ከዘረገፈችልህ ሻይዋን ጠጥታ ትሂድ። ፈገግ ብላ "እሱን እንኳ ይተዉት" ካለችህ ሌላውን ሁሉ ትማረዋለች።

ሁለተኛ፣ ሲቪ ከማገላበጥ ሥራውን አሠርተህ እያት። አንድ የምታውቃቸውን ሽማግሌ እንደ ባለጉዳይ አስገባና ጉዳያቸውን ይንገሯት። የገጠር ሰው የድንበር ክርክሩን ከአያቱ ነው የሚጀምርልህ፣ ጎበዟ ልጅ አታቋርጣቸውም ግን ደግሞ ሰዓቱን ሁሉ አትሰጣቸውም፣ "አባቴ ይቀመጡ፣ እስቲ የያዙትን ወረቀት ያሳዩኝ" ብላ ወረቀቱ ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን ታያለች። ከዛ ምን እንደጻፈች ደብተሯን እይ። የባላጋራው ስም አለ? እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ባላጋራው ባለፈው ሳምንት አንተን አማክሮህ ከሆነ ሰውየው ጉዳዩን ዘርዝሮ ሳይጨርስ ማወቅ አለብህ። ስም ስትጽፍ እስከ አያት ጻፈች ወይ፣ ቀበሌስ? በስምና በአባት ስም የሚገጥሙ ደንበኞች ሞልተዋል፣ አንዱን መዝገብ ለሌላው ይዘህ መግባት ይመጣል። ስልኩስ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የልጃቸው ወይ የጎረቤት ነው፣ "የልጃቸው" ተብሎ ካልተጻፈ ደውለህ ጉዳዩን ለሌላ ሰው ታወራለህ።

ቀጠሮ ላይ ቀልድ የለም። ባለጉዳዩ "የሚካኤል ማግስት ተብያለሁ" ካላት ቶሎ 13 ብላ መጻፍ፣ የየትኛው ወር እንደሆነ መልሳ መጠየቅ፣ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር አለባት። ከሳሽ ሲቀር መዝገቡ ይዘጋል፣ ተከሳሽ ሲቀር ደግሞ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፣ የፍትሐ ብሔር ይግባኝም 60 ቀን ነው፣ ስለዚህ ፍርድ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ፍርዱ መቼ እንደተሰጠ ሳትጠይቅ "ጠበቃው የለም፣ ሌላ ጊዜ ይምጡ" ብላ እንዳትመልሰው ከመጀመሪያው ቀን ንገራት። ኮምፒውተር ብትችል ጥሩ ነው ግን መብራቱንም ኔትወርኩንም ታውቀዋለህ፣ የቀጠሮ ደብተር በእጅ ጽሑፍ የግድ ነው።

ሌላው የሕግ ተመራቂ ልቅጠር ካልክ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ሪሴፕሽን ላይ ቁጭ ብላ ማማከር ትጀምራለች። "አይዞዎት ይሄማ ያሸንፋሉ" ብላ ትልክልሃለች፣ ከዛ አንተ አስቸጋሪ ነው ስትላቸው "ልጅቱ ታሸንፋለህ ብላኝ" ይሉሃል። ስለ ውጤትም ስለ ዋጋም አንዲት ቃል እንዳትናገር፣ ገንዘብ ከተቀበለችም በደረሰኝ ብቻ።

ደሞዙን አታሳንስ ወንድሜ። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚዞሩትን ደላሎች ታውቃቸዋለህ፣ ደሞዟ የቤት ኪራይ የማይሸፍን ልጅ ጋ ሻይ እንጠጣ ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ቀጥሎ ማን መጣ ማን ሄደ ነው። ውሉን በጽሑፍ አድርግ፣ የሙከራ ጊዜውንም እዛው ጻፈው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቀድልሃል፣ ያ ጊዜ ሰውን ለማየት ይበቃል። በነገራችን ላይ ወንድም ቢሆን ያው ነው፣ ሁላችንም "ልጅቱ" እያልን ለመድን እንጂ።

ፈቃድ አሰጣጥ ላይም ቀድማችሁ ተስማሙ። በሚካኤልና በማርያም ቀን ገበሬው ስለማያርስ ከተማ የሚወጣው ያን ቀን ነው፣ ቢሮህ የሚሞላውም ያኔ ነው፣ እሷም ልንገሥ ካለች ቅዳሴ ወጥታ እንድትገባ አድርግ።

ሰው የት አገኛለሁ ላልከው ማስታወቂያ ከመለጠፍህ በፊት ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያሉትን ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ዞር ዞር ብለህ እይ። ክስና መልስ ሲተይቡ የኖሩ ልጆች አሉ፣ የመዝገብ ቁጥር የት እንደሚጻፍ፣ አቤቱታ ከመልስ በምን እንደሚለይ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቃሉ። ብቻ ከደላሎቹ ጋር የሚሠሩም ስላሉ ሳትነግራት ሁለት ሦስት ቀን እዛ ወረቀት እያስተየብክ ሰዉን እንዴት እንደምታስተናግድ አይተህ ነው የምታናግራት።