አንዲት መንኮራኩር ለምን አትበቃም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ናሳ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ለማጥናት አራት አንድ ዓይነት መንኮራኩሮችን እንዳመጠቀ አነበብኩ። ጥሩ መሣሪያ የተጫነባት አንዲት መንኮራኩር አትበቃም ነበር? (ከደሴ)

መልስ፦ ጥያቄህ የጉዳዩን እምብርት ስለነካ በጣም ደስ ብሎኛል።

አራቱ መንኮራኩሮች ኤምኤምኤስ ይባላሉ፤ የመጠቁት እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ነው። የሚያጠኑትም ይህን ነው፦ የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ የሚፈልቅ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጎርፍ) ይዞት የሚመጣው መስክ ከምድር መስክ ጋር ሲጋጠም፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ የመስክ መስመሮች ይበጠሱና ከማዶኛው ጋር ይቀጠላሉ። አዲሱ መስመር ክፉኛ ስለታጠፈ እንደተለቀቀ የቀስት ጅማት ይፈናጠራል፤ በመስኩ የታመቀው ኃይልም ወደ ኤሌክትሮኖችና አዮኖች ተሻግሮ ያስፈተልካቸዋል። እኔ በክፍል ውስጥ የብረት ብናኝ በወረቀት ላይ ነስንሼ የማሳያቸው ጸጥተኛ መስመሮች እዚያ ላይ እንዲህ ናቸው!

አሁን መንኮራኩሯ አንዲት ብቻ ናት እንበል። መስኩ ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ትመዘግባለች። ነገር ግን መስኩ ራሱ ተለወጠ ወይስ ሳይለወጥ በላይዋ አለፈ? በአንድ ነጥብ የተወሰደ ልኬት ይህን አይለይም። ሦስት ቢሆኑ እንኳ የሚያሳዩት በአንድ ገጽ ላይ ያለውን ልዩነት ነው። ጥልቀቱን የምትጨምረው አራተኛዋ ናት። ሦስት ጉልቻና ከላያቸው የተጣደ ድስት አስብ፤ አራተኛዋ የድስቱን ቦታ ትይዛለች። አራቱ የለኩትን መስክ በማነጻጸር በመካከላቸው የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በመካከላቸው ያለው ርቀት እስከ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠቦ ነበር።

ፍጥነትም ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኖች ከመስኩ የሚላቀቁበት ስፍራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በቅጽበት ያልፋል። የቀድሞ መንኮራኩሮች ሙሉ ምስል ለማግኘት አንድ ዙር እስኪሽከረከሩ መጠበቅ ነበረባቸው። በኤምኤምኤስ ግን ዳሳሾቹ ዙሪያውን ስለተደረደሩ ኤሌክትሮኖቹ በየ30 ሚሊሰከንዱ ይቆጠራሉ። በዚህም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2015 የኤሌክትሮኖቹ የፍጥነት ሥርጭት (ስንቶቹ ወደየት አቅጣጫ በምን ፍጥነት እንደሚጓዙ የሚያሳየው ሥዕል) እንደ አዲስ ጨረቃ ታጥፎ ታየ፤ በኮምፒውተር ስሌት አስቀድሞ የተተነበየው ቅርጽ ነበር።

ወደ ጥያቄህ ልመለስና፣ አውሮፓውያን ከኤምኤምኤስ በፊት የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ለማጥናት የሠሯቸውን ክላስተር የተባሉ አራት መንኮራኩሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያስወነጭፉ ሮኬቱ ከ40 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ፈነዳ፤ የብዙ ዓመታት ልፋት ወደመ። በመለዋወጫ ዕቃ አንዲቱን መልሶ መሥራት ይቻል ስለነበር ተጀመረ። አንዲት ብቻዋን የተፈለገውን ሳይንስ እንደማታሟላ ስለታመነበት ግን ሦስት ተጨመሩ፤ አራቱም እ.ኤ.አ. በ2000 ከባይኮኑር ሁለት ሁለት እየሆኑ መጠቁ።