ወንጭፍና ቀስት በፈረሰኛ እጅ

ጥያቄ፦ በጥንት ጦርነቶች ፈረሰኞች በቀስት ይዋጉ እንደነበር አንብቤአለሁ። ወንጭፍስ ከፈረስ ላይ ያገለግል ነበርን? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ አዎን፣ አገልግሏል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ128 ዓ.ም. ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር የሚገኘውን የላምባይሲስ ጦር ሰፈር ሲጎበኝ ያደረገው ንግግር በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ በዚህም ንግግር ረዳት ፈረሰኞቹን ድንጋይ በወንጭፍ በመወርወራቸው አመስግኗቸዋል።

ይሁን እንጂ ወንጭፍ በተለይ የእግረኛ መሣሪያ ነው። በከተማችሁ ዙሪያ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ሲወነጭፍ ልብ ብለው ቢመለከቱ፣ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወገቡን አዙሮ፣ የአንዱን ገመድ ጫፍ በትክክለኛዋ ቅጽበት ሲለቅ ያያሉ። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን የእግር ኃይል ያጣል፤ የሚሽከረከረው ገመድም ለፈረሱ ራስ እጅግ ይቀርባል።

ቀስት ግን ለፈረሰኛ እንዲመች ሆኖ ተሠርቷል። የመካከለኛው እስያ ፈረሰኞች እንጨት፣ ቀንድና ጅማት በሙጫ አጣብቀው የሠሩት ቀስት አጭር ስለሆነ የፈረሱን አንገት ሳይነካ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ፈረሰኛውም ዛቡን ለቆ ፈረሱን በጉልበቱ እየመራ ሁለቱንም እጆቹን ለቀስቱ ያውላል። ትልቁ ችግር የፍላጻ ማለቅ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ዓመት ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር በሚገኘው በካርሄ በተደረገው ጦርነት፣ ሮማውያን የፓርቲያ (የጥንት የፋርስ መንግሥት) ፈረሰኞች ፍላጻ እስኪያልቅ ሲጠብቁ፣ ፓርቲያውያን ግን በግመል ተጭኖ ከመጣው ፍላጻ ኮሮጆአቸውን እየሞሉ ይመለሱ ነበር።