መልስ፦ የአይረን ኪኒን ሲበዛ አንቲኦክሲዳንትን ይጎዳል ወይ?
እህቴ፣ "እማዬ ደም ማነሷ ተስተካክሎም ኪኒኑን አላቆመችም፣ አንቲኦክሲዳንቷን ይጎዳዋል ወይ" ላልሽው፣ ሲበዛ አዎ (አንቲኦክሲዳንት ማለት ሴልን ከጉዳት የሚጠብቅ ንጥረ ነገር ነው)። ምን መሰለሽ፣ ብረት (አይረን) ደም ውስጥ ትራንስፈሪን የሚባል ተሸካሚ ፕሮቲን ላይ፣ ሴል ውስጥ ደሞ ፌሪቲን የሚባል ማከማቻ ፕሮቲን ውስጥ ታስሮ እስካለ ችግር የለውም፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ግን የተለቀቀው ብረት ሴሉ ራሱ ከሚያመርተው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ይገናኝና ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል አጥቂ ሞለኪውል ይፈጥራል፣ እሱ ደሞ የሴል ሽፋን በይው ዲኤንኤ በይው ያገኘውን አይምርም። ካታሌዝና ግሉታታዮን የሚባሉት የሰውነት አንቲኦክሲዳንቶች ፐርኦክሳይዱን ቀድመው ለማጥፋት ይሯሯጣሉ፣ ሃይድሮክሲሉ አንዴ ከተፈጠረ ግን እሱን የሚያጠፋ ኢንዛይም የለንም፣ ግሉታታዮኑም እየተመናመነ ይሄዳል። በብዛት የሚጎዳው ጉበት ነው።

ሰውነት ብረት ሲበዛበት ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም እኮ፣ በቀን በራሱ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ብረት ከአንጀት የሚገባበትን ስለሚያጠብ ግን ጥቂት ኪኒን ተጨማሪ ዋጡ ብለሽ አትደንግጪ።

እዚህ ጅማ "ቡናው ይቀንሰዋል" የሚልሽ አይጠፋም (ሶስቱንም ጠጥቶ ለሚነሳ ሰው ደስ የሚል ወሬ ነው 😄)፣ ቡና የብረት መመጠጥን መቀነሱ እውነት ነው፣ ግን በሱ አትተማመኚ። አንቲኦክሲዳንት ነው ብለሽም የቫይታሚን ሲ ኪኒን እንዳትጨምሪላቸው፣ ብረቱ ይበልጥ እንዲገባ ነው የሚያደርገው።

ሀኪማቸውን አናግሪና ፌሪቲናቸውን በደም አስመርምሪያቸው፣ ትኩሳት ወይ ኢንፌክሽን ካለባቸው ግን ቁጥሩን ስለሚያሳብጠው እስኪሻላቸው ጠብቂ።