ወይራው ለምን አልበቀለም?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ ነው። አምና የወይራ፣ የግራርና የጥቁር እንጨት ዘር ለቅሜ ፀሐይ ላይ አደረቅሁና በፌስታል አስቀመጥሁ። ዘንድሮ ጓሮዬ ውስጥ መደብ ሠርቼ ዘራሁት። ውኃም አላጓደልሁበትም። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ከግራሩ ጥቂት ብቅ ከማለቱ በቀር ምንም የለም። ዘሩ ሞቶ ነው?»

መልስ፦ የአገር ዛፍ ለማፍላት መነሳትዎ በጣም ደስ ይላል። ብዙው ሰው የሚጠይቀን ስለ ባሕር ዛፍ ነው። ችግሩ ሦስቱንም ዘር በአንድ ዓይነት አያያዝ መያዝዎ ነው። ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ከጥቁር እንጨቱ ልጀምር። እሱ እውነትም ሞቷል። የጥቁር እንጨት ዘር ድርቀት አይችልም፤ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ አለቀለት። ፍሬው ቀልቶ ወደ ወይን ጠጅ መልክ ሲጠቁር ይልቀሙ፣ ሥጋውን በውኃ አሽተው ያጥቡ፣ ጥላ ላይ ውኃውን ብቻ ያጠንፍፉና በዚያው ሰሞን ይዝሩት። ለከርሞ ብሎ ማስቀመጥ አያዋጣም። ይህ ዛፍ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተመናምኗል። ስለዚህ አደራ፣ እንደገና ይሞክሩት።

ግራር ተቃራኒው ነው። ዘሩ ለዓመታት ይቆያል፤ ግን ልጣጩ ውኃ አያስገባም። ውኃ ያፍሉ፣ ከእሳት ያውርዱ፣ ዘሩን ይጨምሩበትና እዚያው ቀዝቅዞ ይደር። እሳት ላይ እንዳለ ከጨመሩት ግን ይቀቀላል። ጠዋት ሲያዩት የተሳካለት አብጦ፣ ልጣጩ ለስልሶ ያገኙታል። ያላበጠውን ለይተው በማግስቱ ይድገሙት። ዘሩ ጥቂት ከሆነ በጥፍር መቁረጫ ጫፉን በትንሹ ነካ ማድረግ ይበልጣል፤ ከፍሬው ቆዳ ጋር ተያይዞ የነበረበትን ዓይኑን ግን አይንኩ፤ ሥሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ከዚህ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ወይራ ነው። ጠቁሮ የበሰለውን ፍሬ ዘፍዝፈው በአሸዋ አሽተው ሥጋውን ያስለቅቁ። የሚቀረው አጥንት የመሰለ ፍሬ ዘሩ አይደለም፤ ዘሩ ውስጡ ነው። አጥንቱን በፒንሳ ጎኑን ይዘው ቀስ እያሉ ይጭመቁት። «ቋ» ሲል ያቁሙ። በድንጋይ የመቱት እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡም ይጨፈለቃል። ያወጡትን ዘር አንድ ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳድረው ይዝሩ። ከነአጥንቱ ከተዘራ ወራት ይፈጃል፤ አብዛኛውም ሳይወጣ ይቀራል።

አፈሩን በተመለከተ ሦስት እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ በቂ ነው። ዘሩን የውፍረቱን እጥፍ ያህል ብቻ ያልብሱት፣ ላዩን ሣር ጣል ያድርጉበት፣ መብቀል ሲጀምር ሣሩን ያንሱ። ውኃ ሲበዛ ዘሩ ይበሰብሳል። አፈሩን ጨብጠው ሲለቁት እንደተጣበቀ ከቆየ፣ ከጣትዎ መሐል ግን ውኃ ካልወጣ፣ ልኩ ያ ነው።

አሁን ያለውን መደብ ገልብጠው አይጣሉት። አፈሩን በወንፊት ነፍተው የወይራውን አጥንትና ያልበቀለውን ግራር ይልቀሙ። አንድ ሁለት የወይራ አጥንት ሰብረው ይዩ። ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደኅና ነው፤ የቀረውንም በፒንሳ ከፍተው መልሰው ይዝሩት።